ማዳም ዓሊያ እንድትሰማ

ዙበይዳ በሽተኛ ማስታመም ታውቅበታለች። አማን ከተማ፣ ሽሜሳኒ ሰፈር ካሉት የግል ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከነርሶቹ እስከ በር ጠባቂዎቹ የማያውቃት የለም። ልጆቹ ውጭ አገር የሆኑበት፣ ወይም ሥራ የበዛበት፣ ወይም አልጋ አጠገብ መቀመጥ የሚሰለቸው ሁሉ «ሙራፊቃ» ይቀጥራል። ሙራፊቃ ማለት አስታማሚ ናት፤ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፣ በሽተኛው ሲያቃስት ነርስ ትጠራለች። ዙበይዳ ከሰው ቤት ወጥታ ለብቻዋ መኖር ከጀመረች ወዲህ እንጀራዋ ይኸው ነው። ጀበል አማን ላይ ከናጂያ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ናጂያ ኡም ሱማቅ ሰፈር ውስጥ በሰዓት እየተቀጠረች ቤት ታጸዳለች።

ያንን ሥራ ያመጣችላትም ናጂያ ነበረች።

«አንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ትናንት ኦፕራሲዮን ሆናለች። ልጇ ዱባይ ናት። እሷ እስክትመጣ ሰው ይፈልጋሉ» አለቻት።

ዙበይዳ ስም እንኳ አልጠየቀችም። በማግስቱ ጠዋት ተነሥታ ሄደች። አሮጊቷ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ጸጉሯ ሳስቷል፣ ጉንጮቿ ሰርጉደዋል። ዙበይዳ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ብርድ ልብሱን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል፣ ከአሮጊቷ ቀኝ ቅንድብ በላይ ምስር የምታክል ጥቁር ኪንታሮት አየች። የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች።

ማዳም ዓሊያ ናት።

ዙበይዳ ከሐርቡ ወጥታ አማን ስትገባ ገና ልጅ እግር ነበረች። አስቀጣሪው ቢሮ በቀጥታ አብዱን የሚባል የሀብታሞች ሰፈር ወሰዳት፤ አጥሩ ረጅም፣ በሩ ሁልጊዜ የተቆለፈ ቪላ። ማዳም ዓሊያ ክፉ ከሚባሉት አልነበረችም። አትማታም፣ ምግብ አትከለክልም፣ ለዒድ ልብስ ትገዛላት ነበር። በኋላ ዙበይዳን ከሁሉ ያንገበገባት ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ትጠነቀቃት ነበር።

ለማዳም ልጅ ለሪም ሽማግሌ የሚመጣበት ሳምንት ነበር። ቤቱ ጉድ ጉድ ይላል። ዙበይዳን ሆዷን ቁርጠት ያዛት፤ መጀመሪያ እምብርቷ አካባቢ ነበር፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኗ ወርዶ እዚያው ተተከለ።

«ማዳም፣ ሆዴን በጣም አሞኛል» አለች።

ማዳም ዓሊያ ፊቷን አየት አደረገችና «ኪዝብ!» አለቻት፤ ውሸት ነው ማለቷ ነው። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችን አገር ያጥለቀለቁት ሠራተኞች ሁሉ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ናዕና አፍልተሽ ጠጪ።»

ፓናዶል ሰጠቻትና ወደ ሳሎኗ ተመለሰች። ዙበይዳ ናዕናውን ጠጥታ፣ ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ የወይን ቅጠል ስትጠቀልል፣ መንሰፍ ለሚባለው የእንግዳ ምግብ የሚሆነውን ሥጋ ስትቀቅል ዋለች። በማግስቱም እንደዚያው። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ እልል ተባለ። እነሱ ሄደው ሰሐን ስትሰበስብ ዙበይዳ ኩሽናው ወለል ላይ ተዘረረች።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። መግሉ ሆዷን ሞልቶ ማሕፀኗ ድረስ ደርሷል። ቀዶ የጠገናት ሐኪም «መትረፍሽ የአላህ ሥራ ነው፤ መውለዱን ግን እንጃ» አላት። ማዳም ዓሊያ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አልጠየቀቻትም። ከሆስፒታል ስትወጣ የተቀበላት የቢሮው ሰው ነው፤ ልብሷን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ አግብታ ነበር። ባሏ ዑስማን ደግ ሰው ነው፤ ከአማን ወጣ ብሎ ሰሐብ የሚባል ቦታ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዓመታት ጠበቃት። ልጅ እንደማይመጣ ሲያውቅ አገር ቤት ገብቶ ሌላ አገባ። አልተጣሉም። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብሏት ነው የሄደው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዙበይዳ ጠንቅቃ ታውቃለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን ያቺ ሴት እፊቷ ዓይኗን ገለጠች። «ማነሽ?» አለች በአረብኛ።

«አስታማሚሽ ነኝ።»

«ምን?» አለች አሮጊቷ፤ አልሰማችም። የመስሚያ መሣሪያዎቿና መነጽሯ ኮመዲኖው ላይ ተቀምጠዋል። ዙበይዳ አንስታ ሰጠቻት። ማዳም ዓሊያ በመነጽሯ አሻቅባ አየቻት፣ አላወቀቻትም፣ «ውሃ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ሪም ከዱባይ ደወለች፤ እሷም አላወቀቻትም። ያኔ ትምህርት ላይ ስለነበረች ቤት የምትመጣው ለበዓል ብቻ ነው። «ሀቢብቲ፣ እናቴን አደራ» አለቻት።

«ሐሳብ አይግባሽ፤ በዓይኔ ላይ አስቀምጣታለሁ» አለች ዙበይዳ። በልቧ ግን፣ አላህ ራሱ እጄ ላይ ጣላት፣ እያለች ነበር። ምን እንደምታደርጋት ገና አላወቀችም።

መንገዱን ያሳያት የሆስፒታሉ ሐኪም ነው፤ ያውም ሳያውቅ።

በዚያው ረፋድ ዓብዱሰላም የሚባለው የፎቁ ነርስ አስታማሚዎችን ሁሉ ታች ወዳለው አዳራሽ ጠራ። ሆስፒታሉ አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። ዶክተር ሙራድ የሚባል፣ ጺሙን አሳጥሮ የሚቆርጥ ፈገግተኛ ወጣት ሐኪም፣ ከየክፍሉ አዲስ የተገኘውን ነገር አስታማሚ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሐበሾችና ፊሊፒኖች፣ እናታቸውን የሚያስታምሙ ጥቂት ዮርዳኖሳውያንም ናቸው።

«ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩኝ ብዙ ነገር ዛሬ ተሽሯል» ብሎ ጀመረ። «ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን ሁለት ሳምንት ሙሉ በደም ሥር መድኃኒት እንሰጥ ነበር። በብዙ አገር ሆስፒታሎች በሽተኞችን ሁለት ቦታ ከፍለው ሲያነጻጽሩ፣ ለአብዛኞቹ አንድ ሳምንት እንደሚበቃ ታየ። ልባቸውን ድንገት ለመታቸው ሰዎችም ዕድሜ ልክ የምናዝዘው ክኒን አለ፤ የልባቸው ጉልበት ላልተጎዳባቸው ያን ያህል ላይጠቅም ይችላል የሚሉ ጥናቶች ወጥተዋል። ሌሎቹ ደግሞ አይ፣ ይጠቅማል ይላሉ። ስለዚህ ማንም በገዛ እጁ መድኃኒት እንዳያቋርጥ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ዙበይዳ እያዛጋች ነበር።

«ቀዶ ሕክምናም ተለውጧል» አለ ሐኪሙ። «ትርፍ አንጀትን እዩ። ድሮ ትርፍ አንጀት ከተባለ ቢላ ነው። አሁን ሳይፈነዳ ቶሎ ከደረሰልን፣ ብዙዎቹን በአንቲባዮቲክ ብቻ እናድናለን። አንዳንዶቹ በኋላ ተመልሶባቸው ኦፕራሲዮን ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ ግን ቢላ ሳይነካቸው ቤታቸው ይገባሉ።»

ዙበይዳ ማዛጋቷን ተወች። ሳታስበው እጇን አነሣች።

«በክኒን?» አለች።

«በመርፌና በክኒን፣ አዎ።»

«ቶሎ ካልመጣስ?»

«ቶሎ ማምጣት ነዋ፣ እህቴ!» አለና በፈገግታ አለፈ።

ዙበይዳ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሰማችም። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ያኔ በጊዜ ብትደርስም ሆዷ መቀደዱ እንደማይቀር ስታስብ ነበር የኖረችው፤ ያቺ ሐሳብ ትንሽ ታጽናናት ነበር። አሁን እሷም ተወሰደችባት። ጥቂት ክኒን! ማዳም ዓሊያ ናዕና ከማዘዝ ይልቅ መኪና ውስጥ አስገብታት ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ጥቂት ክኒን።

ጆሮዋ ሲመለስ ሐኪሙ ስለ ሽማግሌዎች እየተናገረ ነበር።

«አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ የበለጠ እናንተን ይመለከታል። ዳሌው ተሰብሮ የተጠገነ አሮጊትና ሽማግሌ በበነጋው ከአልጋ ይነሣ፤ ይመመው፣ ይጩኽ፣ ግን ይነሣ። መነጽሩን አድርጉለት። የመስሚያ መሣሪያውን ጆሮው ውስጥ ክተቱለት። መጋረጃ ግለጡ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ንገሩት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላችኋል፤ ግን ጥናቱ እንደሚለው አእምሮው እንዳይዛባ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። እንዲህ ካልሆነ መቃዠት ይጀምራል፣ ሰው አይለይም፣ ከዚያም መመለሱ ያስቸግራል።»

ዙበይዳ እያንዳንዱን ቃል ያዘች። ሐኪሙ ለፈውስ የሰጠውን እሷ ገልብጣ አየችው።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ በሩን ዘጋች። ማዳም ዓሊያ እያንቀላፋች ነበር። ዙበይዳ መነጽሩን ከዓይኗ፣ መሣሪያዎቹን ከጆሮዋ አወጣችና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትመጣ «ሲያጥወለውላት ነበር፤ አሁን ገና ተኛች» ብላ መለሰቻት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

ብዙም አልጠበቀችም። በማግስቱ ማዳም ዓሊያ አንሶላውን በጣቶቿ ትለቅም ጀመር። ኮርኒሱ ላይ ሰዎች ታያለች፤ «እነዚህን ማን አስገባቸው? ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም!» እያለች ትቆጣለች። የሞተ ባሏን ትጠራለች። ዓብዱሰላም ገብቶ «የመስሚያ መሣሪያዋስ?» ሲላት ዙበይዳ «ወላሂ አላየሁም» አለች። ቀሚሷ ውስጥ ግን ጭኗን ይነካት ነበር። አልፈራችም። እንዲያውም ከብዙ ዓመት ወዲህ ምግብ የጣማት ያን ቀን ነው።

ግን ደስታው ሳይውል ሳያድር ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ አፏን ስትጠርግላት ማዳም ዓሊያ እጇን ለቀም አድርጋ ያዘቻት።

«ያማ!» አለቻት። እናቴ ማለቷ ነው። «ያማ፣ መጣሽ? እንደማትተዪኝ አውቄያለሁ» አለችና የዙበይዳን እጅ አገላብጣ ሳመችው። እንባዋ በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ።

ዙበይዳ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው መነጨቀችው። አዘነችላት ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። የመጣባት ንዴት ነው። ይህች ሴት ምን እየደረሰባት እንዳለ፣ ከማን እጅ እየደረሰባት እንዳለ አታውቅም። የሳመችው የገዛ እናቷን ነው። እንዲህ ሆና ብትሞት፣ በእናቷ ክንድ ውስጥ የሞተች ይመስላታል። ዙበይዳ ይህን ልትሰጣት ነው እንዴ የመጣችው?

«እንቢ!» አለች ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። «እንዲህ ሆነሽማ አታመልጪኝም።»

መጋረጃውን ግራና ቀኝ ወረወረችው። መሣሪያዎቹን ከኪሷ አውጥታ አሮጊቷ ጆሮ ውስጥ ከተተች፤ መነጽሩን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ አደረገችላት። ጎትታ አስቀመጠቻት። «ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለቻት። «ያለሽው ሆስፒታል ነው። ዳሌሽ ተሰብሯል። እናትሽ ሞታለች። እኔ እናትሽ አይደለሁም። ተነሺ!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዙበይዳ በሕይወቷ አስታምማ የማታውቀውን ማስታመም አስታመመች። ፊዚዮቴራፒስቷን ራሷ ሄዳ ጠራቻት። ማዳም ዓሊያ በባለ አራት እግር መደገፊያ ብረቷ ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ «አይ! አይ ወገቤ!» ብላ ትጮሃለች፤ ዙበይዳ ወገቧን ደግፋ «ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ያላ፣ በርቺ» ትላታለች። እያንዳንዱ ጩኸት ለጆሮዋ ይጥማት ነበር። መድኃኒቱም ሥቃዩም አንድ ነገር ሆኖ እጇ ላይ መግባቱ እያስገረማት ትመላለሳለች። ዓብዱሰላም ቆሞ እያየ «ማሻአላህ፣ እንዳንቺ ያለች አስታማሚ አላየሁም» አላት። «ለሷ የማላደርገው ነገር የለም» አለችው።

ማዳም ዓሊያ ቀስ በቀስ ተመለሰች። መጀመሪያ የኮርኒሱ ሰዎች ሄዱ። ከዚያ ባሏ መሞቱ ትዝ አላት። ከዚያ ስለ ምግቡ ማማረር ጀመረች። ዶክተር ሙራድ ጥቂት ጠየቃትና «አእምሮሽ ከኔ ይሻላል» ብሏት ወጣ። አንድ ቀን ዙበይዳ ጸጉሯን ስታበጥርላት፣ በመነጽሯ ውስጥ ትኩር ብላ አየቻትና «አንቺን የት ነው የማውቅሽ?» አለቻት።

«ትዝ ሲልሽ ትነግሪኛለሽ» አለች ዙበይዳ፤ ማበጠሯንም አላቆመችም።

ሪም ዓርብ ዕለት ከዱባይ ገባች። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በዘመድ ሞላ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ቸኮሌትና አበባ ይዘዋል። ማዳም ዓሊያ ትራስ ተደግፋ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ታወራለች። ሪም ተነሥታ ዙበይዳን አቀፈቻት።

«እናቴን ያዳነቻት እሷ ናት!» አለች ለሴቶቹ። «ሐኪሙ ነግሮኛል። ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ? ጠይቂኝ።»

ዙበይዳ ይህችን ሰዓት ነበር ስትጠብቅ የሰነበተችው።

«አንድ ነገር ልናገርና እናትሽ ትስማኝ» አለች።

«ተናገሪ እንጂ!»

ዙበይዳ ወደ አልጋው ዞረች። ድምጿን አላነሣችም። «ማዳም፣ ለሪም ሽማግሌ የመጣ ለታ መንሰፉን ማን ነበር የሠራው?»

ማዳም ዓሊያ ቅንድቧን ሰበሰበች፤ ከዚያ ስታውቃት ፊቷ ሲለዋወጥ ሁሉም አየው።

«አሞኛል አልኩሽ። ውሸት ነው አልሽኝ። በማግስቱም አሞኛል አልኩሽ። ቆመሽ እያየሽኝ ወይን ቅጠል አስጠቀለልሽኝ። አንጀቴ ሆዴ ውስጥ ፈነዳ። ያን ቀን ያሳደርሽብኝ ሕመም ልጆቼን በላ።» ቀሚሷን ከጎኗ ከፍ አደረገችው። ጠባሳው ከእምብርቷ እስከ ታች ወርዶ፣ እንደ ተጎሳቆለ ስፌት ይታያል። አንዷ ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«ማማ?» አለች ሪም። «ጠፍታ ሄደች አላልሽኝም?»

«በመኪናዬ ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ!» አለች ማዳም ዓሊያ። «እኔ ባልወስዳት ትሞት ነበር!»

«ሬሳ ኩሽናሽ ውስጥ እንዳይገኝ ነው የወሰድሽኝ።»

ማዳም ዓሊያ ሁለቱን የመስሚያ መሣሪያዎች ከጆሮዋ ነቅላ አንሶላው ላይ ወረወረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዙበይዳ ወደ አልጋው ቀረበች፤ መሣሪያዎቹን አነሣች፣ የአሮጊቷን ራስ በእጇ ቀስ አድርጋ አቀናች፣ ቀኙን ለቀኝ፣ ግራውን ለግራ፣ አንድ በአንድ ጆሮዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ማዳም ዓሊያ ለመከላከል እጇን አላነሣችም።

«ትሰሚያለሽ» አለቻት። «ዳንሽልኝ እኮ። ያዳንኩሽ ለዚህ ነው። አእምሮሽ ንጹሕ ነው፤ ሐኪሙም መስክሯል። ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ይህን ታስቢያለሽ።»

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሪም ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባት፤ አለቀሰች፣ ለመነቻት፣ «እኔ አላውቅም ነበር፤ እባክሽ ቢያንስ እስክትወጣ ድረስ ቆዪ፤ ካንቺ በቀር ማንንም አትሰማም» አለች። ዙበይዳ «አንቺ ምንም አላደረግሽኝም፤ አላህ ይጠብቅሽ። ሌላ ሰው ፈልጉ» አለቻትና ደረጃውን ወረደች።

ቤት ስትደርስ ለናጂያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ኪሷ ውስጥ የደበቀችውንም ሳይቀር። ናጂያ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ብትሞትብሽስ ኖሮ?»

«አልሞተችም።»

«እንግዲህ ተናገርሽ፣ ወጣልሽ። ለአላህ ብለሽ አውፍ በያት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ?»

«ሶላቴን የሚቀበለው አላህ ነው፤ እሱ ያውቃል» አለች ዙበይዳ። «እሷንም ይማራት፣ እሱ መሐሪ ነው። እኔ ግን ሰው ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሪም ደጋግማ ደወለች፤ ዙበይዳ አላነሣችም። አንድ ጠዋት ወደ አዲስ በሽተኛ ለመሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ከፈተችው። የማዳም ዓሊያ ድምፅ ነው፤ እየተቆራረጠ፣ ትንፋሽ እያጠራት።

«ዙበይዳ... ሪም አይደለችም፣ እኔ ነኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ያን ቀን ፊትሽ ቢጫ ሆኖ ነበር። እንዳልዋሸሽ አውቄያለሁ። ያኔውኑ አውቄያለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ በር ላይ ነበሩ፤ የሚያስተናግድልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም። አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለች አልኩ። ሳሚሒኒ... ይቅር በይኝ። ሰማሽኝ?»

አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ዙበይዳ መልእክቱን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ሰማችው። አውቄያለሁ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ስትናፍቅ የኖረችው ይቅርታ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት፤ ይህችን አንዲት ቃል ከዚያች ሴት አፍ መስማት ነበር።

ወዲያው ሪም ደወለች። በዚህ ጊዜ አነሣችው።

«ሰማሽው?» አለች ሪም። «መልስሽን እየጠበቀች ነው። አልበላም ብላለች፤ መራመድ ትታለች፣ ከአልጋ አልነሣም ትላለች። አንድ ቃል በያት፣ ዙበይዳ።»

«ሰምታዋለች በያት።»

«ይቅር ብላሻለች ልበላት?»

«አይ፣ እንዲህ እንዳትያት» አለች ዙበይዳ። «ከአልጋ ግን አስነሷት። ብትጮህም አስነሷት።»

ስልኩን ዘጋችና መውረጃዋ ደርሶ ስለነበር ሹፌሩን «ወራጅ አለ» ብላ ጠራችው።